ከብረቱ በላይ የታሰረው ሽቦ

ዋርድ የውድድር ብስክሌቱን የተሰነጠቀ ዋና አካል፣ ቴላዮውን፣ ጥሎ፣ ጎማውንም መሪውንም ወደ አዲሱ ቴላዮ አዛውሮ ሲጨርስ ወገቡ ዝሎ ነበር። ብስክሌቱ ከእንግዲህ ለዳቦ ቤት እንጂ ለጭቃ ውድድር አይወጣም። የአገሩ የፍላንደርዝ ጭቃ እኮ ላም ከነደወሏ ውጦ የማያገሳ ጭቃ ነው፤ ያንን ጭቃ ነው ብስክሌት ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን የረገጠው።

ሚስቱ ሊቨ በየውድድሩ ሜዳ ዳር ቆማ ብስክሌቱን ስታጥብለት የኖረች ናት። ፓራፋንጎውን ልታቀብለው ጎንበስ ስትል እጇ ባለበት ቀረ። የኋላው ፍሬን ሽቦ፣ ማለፊያው ከላይኛው አግድም ብረት ሥር ተበጅቶለት ሳለ፣ እንደ ተወዳዳሪ ብስክሌት ከላይ ታስሯል፤ ሲሸከሙት ትከሻ እንዳይቆርጥ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዳቦ ቤት ተሸክመኸው ልትሄድ ነው?»

«እጄ ለምዶ ነው።»

«እጅህስ ይልመድ፤ ሐኪም የሰፋው ትከሻህ ይህን ሰምቷል?»

ዋርድ ማሰሪያውን ቆረጠና ሽቦውን ከሥር አሳልፎ ወጠረው። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን፣ ለአንዲት ደረጃ ብሎ፣ ብስክሌቱን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለው። ሽቦው ጠባሳውን ነከሰው። ሊቨ አየችው እንጂ አልሳቀችም።

ቀስ ብሎ አወረደው።

«ጥቁሩን ዳቦ ነው ያልሽኝ?» አላትና እየገፋ ወጣ።