የእጅጌዋ ልክ

ዕድሜዬን ሙሉ በልብስ ሰፊነት የሰው ልክ ስወስድ ኖሬ፣ በስተርጅና እኔን የሚለካኝ ማሽን ሆነ። የደም ግፊት መለኪያዬን ሆስፒታል ካለው መዝገቤ ጋር በኢንተርኔት አገናኝተውታል፤ ጠዋት ስለካ ነርሷ እዚያው ሆና ታየዋለች፣ ትደውላለች። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንዴት አደሩ የሚለኝ እሷ ብቻ ስለሆነች፣ በቀልድ አቆያታለሁ።

«አባባ፣ ዛሬ ግፊትዎ ቆንጆ ነው።»

«ከማን ጋር ልጣላ ልጄ? ከግድግዳው ጋር?»

ሳቀች።

«አሁን ደግሞ ለምን ይለካሉ? ሌላ ልኬት እየገባልኝ ነው።»

«ኧረ እኔ ወጥ ቤት ነኝ! መለኪያው መኝታ ቤት ነው ያለው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚለካው? ማሽኑ ክንድ ታስሯል ይለኛል፤ የልብ ምት ግን የለም ይላል። ብልሽት ይሆናል፣ እስቲ ይዩልኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሄድኩ። መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ ነበር የተውኩት። አሁን አልጋው ላይ ነው፣ ሚስቴ ትተኛበት በነበረው በኩል። የክንድ ማሰሪያው ራሱን ችሎ ክብ ሆኖ ቆሟል፤ ሞተሩ እያጓራ በአየር ይነፋዋል። መሃሉ ባዶ ነው።

«አባባ? ብቻዬን ነው የምኖረው አላሉኝም ነበር?»

ጎንበስ ብዬ የማሰሪያውን ክብ አየሁት፤ ጠቧል። የእኔ ክንድ በዚያ ጥበት አያልፍም። ልኩን ግን ያለ ሜትር አውቀዋለሁ። ሚስቴን ሕመሙ ሲያከሳት፣ እጅጌዋን እያጠበብኩ እያጠበብኩ መጨረሻ የደረስኩበት ነው።