ፍርሃቱን የተነቀለው ባል

ባሏን መልአኩን ፍርሃቱን እንዲያስነቅል ወትውታ ያሳመነችው ራሷ ትርሲት ናት። በዚያን ዘመን ፍርሃት እንደ ጥርስ በግማሽ ቀን ይነቀል ነበር፤ ለእሷ ደግሞ በፓራሹት መዝለል ነፍሷ ነው። እሱ ግን ላንጋኖ ዳር ቆሞ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚጠብቃት። ከመነሳቷ በፊትም የፓራሹቷን ቀበቶ መቆለፊያ አሥር ጊዜ ሲነካካ «ኧረ በቃህ፣ አሰለቸኸኝ!» ትለው ነበር።

ከተነቀለለት ወዲህ ማታ ስታመሽ ደውሎላት አያውቅም፤ ተኝቶ ታገኘዋለች። እሷም ልቡ አረፈ ብላ ደስ ብሏት ነበር።

አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሊዘሉ ወጡ። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት፣ ትርሲት ቀበቶዋን እንዲያይላት እንደ ልማዷ እጆቿን ዘርግታ ቆመችለት።

«ምን ትገተሪያለሽ? ዝለይ እንጂ!» አላትና እያፏጨ ቀድሟት ዘለለ።

የእሷ ፓራሹት ተጠላልፎ አልከፈት አለ። እንደምንም እሱን ፈትታ ጣለችና መጠባበቂያውን ፓራሹት ስትከፍት፣ መሬት ልትደርስ ምንም አልቀራትም ነበር። ሳሩ ላይ ተንከባልላ ተነሳችና ወደ ባሏ ሄደች። መልአኩ የራሱን ፓራሹት እያጣጠፈ ያፏጫል።

«አየኸኝ?» አለችው።

«አየሁሽ እንጂ! ስትሽከረከሪ እንዴት ታምሪ ነበር መሰለሽ። በይ ዓሣው ሳያልቅ ምሳ እንብላ።»

ትርሲት አልተንቀሳቀሰችም። እጆቿን እንደገና ዘርግታ ፊቱ ቆመች።

«መልአክዬ፣ እስቲ ቀበቶዬን እይልኝ።»

«ወርደሻል እኮ የኔ ቆንጆ፤ አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለና ፉጨቱን ቀጠለ።