የሐጃ ነብዊያ ማሳ

የመጀመሪያዋን ቢጫ ፍሬ ያያት ኸሚስ ነበር። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የበቆሎ ዛላ ሲሸለቅቅ በነጫጮቹ መሃል አንዲት ቢጫ አፈጠጠችበት። ቀጥሎ ያነሳው ላይ ሦስት አገኘ። ከማሳው የመንገድ ዳር የተሰበሰቡት ዛላዎች ደግሞ ጭራሽ ዥጉርጉር ሆነዋል።

በዚያ የናይል ዴልታ መንደር በቆሎ ነጭ ነው። ዘሩ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ሲሆን ገበያም ላይ በመንደሩ ስም ነው የሚጠራው። ቢጫው ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣ፣ ዘረ መሉ የተለወጠ የዶሮ መኖ ነው። ስለሱ ያልተወራ ነገር የለም። የበላችው ሴት ትመክናለች፤ የጊንጥ ዘር አግብተውበታል፤ ንብ አበባው ላይ ካረፈች አበቃላት። ወሬውን ማን እንዳመጣው የጠየቀ አልነበረም። ኸሚስም ሳይጠይቅ አምኗል።

ዛላዎቹን በከረጢት ቋጥሮ የግብርና ባለሙያዋ ዘንድ ሄደ። እሷም ፍሬውን ፈጭታ መረመረችና ራሷን ነቀነቀች።

"የተለወጠው ነው። ከዘንድሮው ለዘር እንዳታስቀምጡ። ከየት እንደሚመጣ ካላገኛችሁት ደግሞ ነጩን ዘር እርሱት።"

ኸሚስ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ አልተጨነቀም። ደሱቂ አለ። ደሱቂ ኩዌት ሠርቶ የተመለሰ፣ አምና የዶሮ እርባታ የከፈተ ጎረቤቱ ነው። ቢጫ በቆሎ የጫነች መኪናው በየሳምንቱ የኸሚስን ማሳ ታክካ ታልፋለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ቤት ሲገባ እናቱ ሐጃ ነብዊያ በር ላይ አፈር የነካውን ቀሚሳቸውን እያራገፉ አገኛቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፈዋል።

"እማዬ፣ ዛሬም ብቻሽን ወጣሽ?"

"መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። አንተ ለራስህ እወቅ።"

አንዱን ዛላ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። በጣታቸው ዳሰሱት።

"ፍሬው ሞልቷል፤ ማሻአላህ። ምን ሆንክ ታዲያ?"

"ቢጫ ገብቶበታል እማዬ! ዘራችን ተበላሸ። ደሱቂ ነው የጨረሰን።"

"ያ የቶሐ ልጅ? ወግድ። ቶሐ ከኔ ጋር ውሃ ስትቀዳ ነው ያረጀችው።"

"እናቱ ጥሩ ስለነበረች እሱ መርዝ አይዘራም?"

ሐጃ ነብዊያ ዛላውን ሳሙትና ግንባራቸውን አስነክተው መለሱለት።

በማግስቱ የመንደሩ ወንዶች ደሱቂ ደጃፍ ተሰበሰቡ። ከሁሉም ጮኾ የሚናገረው የቦይ ጠባቂው ሸሐታ ነበር።

"አንተ የኩዌት ሀብታም! ና ውጣ! ሚስቶቻችንን ልታመክን ነው የመጣኸው?"

ደሱቂ መኖ የነካውን እጁን እየጠረገ ወጣ።

"ለዶሮ ነው የምገዛው። ወላሂ ማሳዬ ላይ ከሱ አንዲት ፍሬ አልዘራሁም! ጆንያው ቀዳዳ ነው፤ ከመኪናው ላይ ተንጠባጥቦ ይሆናል።"

"ተንጠባጥቦ!" ሸሐታ ሳቁን ለቀቀው። "ሰዎች፣ በዚያ መንገድ ጠዋት ማታ የምንመላለሰው እኛ ነን። አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ያየ አለ?"

አንድም ሰው አላየም። መንገዱ ሁልጊዜ የተጠረገ ይመስል ነበር።

"ክንፍ አውጥቶ በርሮ ነው እንግዲህ እኔ ማሳ ላይ ያረፈው፣" አለ ኸሚስ።

"ኸሚስ፣ አንተ እንኳን? በአንድ ቦይ ስንዋኝ ያደግን ሰዎች?"

"ዘሬን ከገደልክብኝ በኋላ አብሮ አደግ የለኝም።"

የኸሚስ አባት ሲሞት ከዚያ ዘር ሌላ የተወለት ምንም አልነበረም።

አርብ ከሶላት በኋላ ኸሚስና ወንዶቹ የደሱቂን በቆሎ ሊያጭዱ ማጭድ ይዘው ከቤቱ ሊወጡ ሲሉ ሐጃ ነብዊያ በሩ ላይ ቆሙ።

"ያልደረሰ ሲሳይ ታጭዳለህ? ምን አስተምሬህ ነው ያሳደግሁህ?"

"ሲሳይ አይደለም፣ መርዝ ነው። ከመንገዱ ዞር በይ እማዬ።"

እናቱን እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ሐጃ ነብዊያ ከበሩ ዞር አሉ።

የደሱቂን ማሳ ከዳር እስከ ዳር አጨዱት። ዘግይቶ የተዘራ ስለነበር ገና ማበቡ ነበር፤ አገዳው በቀላሉ ይቆረጥ ነበር። ሚስቱ ፊቷን እየነጨች ጮኸች። ደሱቂ ከቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንባ የሚባል የማያውቅ ሰው ሲያለቅስ ሁሉም አዩት፤ ማጭዱን ያስቀመጠ ግን የለም። ሸሐታ እንዲያውም ሲጨርስ ዘፈነ።

"ነገ ዶሮህንም ይዘህ ውጣ፤ ያለዚያ ቤቱን እናቃጥለዋለን!" አለው ኸሚስ። ደሱቂ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ኸሚስ ለእናቱ ሊነግራቸው ወደ ቤት ሮጠ፤ አጣቸው። ፈልጎ ፈልጎ ያገኛቸው የገዛ ማሳው ውስጥ፣ መንገዱ ዳር ነው። አቀርቅረው አፈር ይነካካሉ።

"አበቃ እማዬ፣" አላቸው እያለከለከ። "ዘራችንን አተረፍነው።"

"አልሐምዱሊላህ። በል እጄን ያዝና አንሳኝ፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል።"

እጁን ዘረጋላቸው። ሐጃ ነብዊያ ግን ከመነሳታቸው በፊት ጭብጣቸውን መዳፉ ላይ ፈቱት፤ ቢጫ የበቆሎ ፍሬዎች ተንኮሻኩሸው ወረዱ።

"ይቺን የቀረችዋን አንተ ቅበርልኝ፤ ይሄ መኪና ማለፍ ከጀመረ ወዲህ መንገዱ ላይ የሚፈሰውን ሲሳይ ሰው እንዳይረግጠው እየዳበስኩ ለቅሜ፣ በያንዳንዱ ጠዋት እዚሁ ዳሩ ላይ ስተክልልህ ነው የከረምኩት።"