የሞጣው ዱቄት

መሐንዲስ ሣህለ ማርያም በ1963 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቢቸና ሲገባ ሥራውን በሦስት ወር ጨርሶ የሚመለስ መስሎት ነበር። ይኸው ሚያዝያም ተጋመሰ፤ እሱ ግን አሁንም ከአንድ የብረት ቧንቧ ጋር ይታገላል።

መሥሪያ ቤቱ ቢቸናና ሞጣ ላይ ሁለት ትናንሽ የወተት ጣቢያዎች ከፍቷል። ገበሬው የሚያመጣው ወተት ከመቀበያው ገንዳ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያልፈው በቧንቧ ነው። ቧንቧው በየቀኑ በወጉ ካልታጠበ ወተቱ ይበላሻል። ለሞጣ ከባሕር ማዶ የመጣ የማጠቢያ ዱቄት በበርሜል ተላከ። ቢቸና ደግሞ በአገሩ እንዶድ እንዲያጥብ ተወሰነ። እንዶዱን ያሰበው ራሱ ሣህለ ማርያም ነው። ዱቄቱ በመርከብ ይመጣል፣ እጣቢው የፈሰሰበትንም ሣር ያቃጥላል። እንዶድ ግን በየአጥሩ ሥር አለ።

ፈተናው በሁለቱም ጣቢያ አንድ ነው። በታጠበው ቧንቧ ያለፈ ወተት ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ይደረግና ቀለሙ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ቶሎ ከጠፋ ቧንቧው አልጠራም ማለት ነው። የሞጣው ስድስት ሰዓት ይቆያል። የቢቸናው ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ሣህለ ማርያም ያልሞከረው የለም። እንዶዱን አበዛ። የቧንቧውን መገጣጠሚያ ፈትቶ አዲስ ጎማ አስገባ። ውሃውን ከበፊቱ ይበልጥ አፈላ። ቀለሙ ያው በሁለት ሰዓት ውስጥ ድርግም ይላል።

ቧንቧውን የሚያጥቡት ወይዘሮ አሰጋሽ የሚባሉ አምሳ ዓመት የተጠጉ የቢቸና ሴት ነበሩ።

«ጌታው፣ ወተት የነካውን ዕቃ የፈላ ውሃ ቀድሞ ካገኘው እኮ ወተቱ ይጋግርበታል» አሉት አንድ ጠዋት። «መጀመሪያ በቀዝቃዛው ባለቀልቀው ምን ይመስልዎታል?»

«ይህ የወተት ቅል አይደለም፣ የብረት ቧንቧ ነው። እባክዎ የታዘዙትን ያድርጉ።»

እሳቸውም የታዘዙትን አደረጉ።

በግንቦት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ሁለቱን ማጠቢያዎች የማወዳደሩ ጥናት በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ የተሻለው ማጠቢያ ለጣቢያዎቹ ሁሉ ይታዘዛል። ሣህለ ማርያም በዚያው ሰሞን የእንዶዱን ጆንያ ሲለካ፣ መኖር ከሚገባው ብዙ ጎድሎ አገኘው። ዘበኛውን ጓዴን ጠየቀው።

«ወይዘሮ አሰጋሽ ናቸው እንጂ ማን ይሆናል» አለ ጓዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓርብ ዓርብ አንድ ቋጠሮ ለሹፌሩ ለፋንታ ያቀብሉታል። የት እንደሚያደርሰው አላውቅም።»

ለሣህለ ማርያም ነገሩ ተገጣጠመለት። ቧንቧው ያለ ብዙ ልፋት የሚታጠብ ከሆነ አጣቢ ሴት ለምን ታስፈልጋለች? ሥራቸው እንዳይቀር ብለው እንዶዱን እያጎደሉ ፈተናውን ያበላሻሉ ማለት ነው። ሴትዮዋን አስጠራቸው።

«እንዶዱን ለማን ነው የሚልኩት?»

ወይዘሮ አሰጋሽ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «መላኩን ልኬአለሁ፣ አልዋሽም። ለቧንቧው ካዘዙኝ ግን አንዲት ፍሬ አላጎደልኩም።»

«ለማን ነው ያልኩት!»

«የሰው እንጀራ አለበት። አልናገርም።»

«ሰባት ወር ሙሉ ልፋቴን ገደል ስትከቺ የሰው እንጀራ ትዝ አላለሽም?»

እስከዚያ ቀን ድረስ አንቺ ብሏቸው አያውቅም። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። ያንኑ ዕለት ከሥራ አሰናበታቸው።

ከዚያ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ቧንቧውን ራሱ አጠበ። እንዶዱን በራሱ እጅ ሰፈረ፣ ውሃውን ፊቱ ቆሞ አፈላ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አደረገ። ቀለሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፋ።

ጥፋቱ የሴትዮዋ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው። ሰው ልኮ ሊያስጠራቸው ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ቸግሮት ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። በመጨረሻ ወረቀት አወጣና ሰባት ወር የሸሸውን ቃል ጻፈ፤ እንዶድ ለወተት ቧንቧ አይሆንም፣ በሞጣ በተገኘው ውጤት መሠረት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዱቄት ለጣቢያዎቹ ሁሉ ይታዘዝ። ፈረመበት፣ ማኅተም አሳረፈበት፣ በፖስታ ላከው።

በማግሥቱ የዱቄቱን አጠቃቀም ለመማር በፋንታ የጭነት መኪና ሞጣ ሄደ። የሴትዮዋ ነገር እንዳይነሣ ብሎ ስለ ቋጠሮው ፋንታን ሳይጠይቀው ደረሱ።

የሞጣው ጣቢያ ኃላፊ ገላው ለሥራ ሉማሜ ሄዷል። ግቢው ውስጥ የተገኘችው አጣቢዋ አምሳለች ብቻ ናት። ቧንቧውን ፈታታ ፀሐይ ላይ ደርድራዋለች። ሣህለ ማርያም አንዱን አንሥቶ በቀዳዳው ወደ ሰማይ አየ፤ ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራል። ቅናትም ድካምም ተሰማው።

«ከቢቸና ነው የመጣሁት፣ ሣህለ ማርያም እባላለሁ» አላት። «በዱቄቱ እንዴት እንደምታጥቡ እንድታሳዪኝ ነው።»

አምሳለች ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እጅ ነሳችው።

«የአሰጋሽ አለቃ እርስዎ ነዎት እንዴ! ዱቄቱማ ገና በመጀመሪያው ቀን የእጃችንን ቆዳ ስለገፈፈው ከድነን ትተነዋል፤ ይኸው ከኅዳር ጀምሮ የምናጥበው አሰጋሽ በምትልክልን እንዶድ ነው፣ እሷ እንዳለችን ቀዝቃዛ ውሃ እያስቀደምን፤ እርስዎ ፈቅደውላት ነው ብለን ስንመርቅዎ ነው የከረምነው፣ እግዜር ይስጥልን።»