በዓይኑ ዓ

ኮሚቴው የተቋቋመው ብራናም ሆነ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የሚመዘገብበትን ደንብ ለማጥራት ነበር። የደበዘዘው ቃል በምን ምልክት ይታጠር? የተፋቀውስ? የጎደለውስ? ከዚህ ሁሉ በፊት ግን «ድንጋይ ገጽ አለው ወይስ የለውም» በሚለው ተጨቃጨቁና ውሃ ሲወቅጡ አንድ ክረምት አለፈ።

ሰብሳቢው ደንቡ በስሙ እንዲጠራለት አጥብቆ ይመኛል። ፊት ለፊቱ የሚያቆማት የስም ሰሌዳ እንኳ ማዕረጉን፣ ስሙንና የአባቱን ስም በደማቁ ይዛለች። ለዚህ ክብር የቀረው እሱ የፈጠረው «ሆን ተብሎ የጠፋ» የሚል ምልክት መጽደቁ ነው። ምክትሉ ደግሞ «ጎደለ» ማለት ይበቃል ባይ ነው።

መሞከሪያቸው መንገድ ሠሪዎች ያመጡት ስባሪ እብነ በረድ ነበር። «ለደጉ ዓባታችን» ይልና ቀኝ ጥጉ ተሰብሮ ስሙ የለም፤ ከታች «ልጆችህ ዘወትር እናስብሃለን» ይላል።

ሰብሳቢው ስሙን ጠላት በመሮ ፈንቅሎ እንደወሰደው ቅንጣት አልተጠራጠረም። የመሮው ምልክት ያለበት ቁራሽ ከተገኘ ክርክሩ አበቃ። ቁራሹ ያልተገኘው ደግሞ ምክትሉ ስለደበቀው ነው፤ ሌላ ማን አለ?

በዚህ ሁሉ መሀል የሰብሳቢው እህት ትደውላለች። አንዴ ሲያነሳው «የአባባን ነገር ሳይመሽ ና እንየው» አለችው። የውርስ ጣጣ መሰለውና ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋው።

ያን ቀን ጨዋታ ቀንቶት ነበር።

«አባትን በዓይኑ ዓ!» አለ። «ምስኪኑ ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ወልዶ ነው የሞተው።»

ኮሚቴው ሳቀ። ከቃሉ ጎን «የጸሐፊ ስህተት» የሚል ምልክት ገባ፤ በሰብሳቢው ትእዛዝም «ጸሐፊው መሃይም» የሚል ማብራሪያ ተጨመረበትና በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። ምክትሉ ብቻ አልሳቀም። ሰብሳቢው ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ።

«ቁራሹን አምጣ» አለው በሰው ፊት።

«እኔ ጋ የለም፣ ዶክተር።»

በሩ ተንኳኳና የሰብሳቢው እህት ገባች። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ከፌስታል አውጥታ ከድንጋዩ ጥግ አስጠጋችው። ገጠመ።

«ከአባባ መቃብር መንገድ ሠሪዎቹን የቀደምኳቸው በዚች ብቻ ነው፤ ሌላውን እዚህ አመጣነው አሉኝ» አለች።

ምክትሉ ቁራሹ ላይ ያለውን ስም አነበበ፤ ቀጥሎ የሰብሳቢውን የስም ሰሌዳ። እህቲቱ ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር።

«‹በዓይኑ ዓ አስጽፊው፣ የተማረ ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው› ብለህ በስልክ የነገርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»