ሌባ ሲሉት ዝም ያለው ኑሪ

"አንተ ነህ የወሰድከው! ሽጉጤን አምጣ!"

ወጋየሁ የኑሪን ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል...

ነጭ የለበሰው ሕዝብ ዙሪያቸውን ከቧል።

ኑሪ ግን... ዝም።

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም. ነው። መካኒሳ፣ የጥቅምት አቦ ዕለት።

እኔ ያኔ ከቤተክርስቲያኑ ደጅ ጧፍ እሸጥ ነበር። ኑሪ ከጎኔ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ከሱቁ ጀርባ ነው የሚያድሩት።

ሙስሊም ነው። እኛ ለቅዳሴ ስንገባ እሱ ደጅ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቦርሳውንም ፌስታሉንም "ኑሪ፣ አደራ!" ብሎ ሰጥቶት ነው የሚገባው።

ወጋየሁ ደግሞ የእህል ነጋዴ ነው። ገጠር ስለሚመላለስ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይይዛል።

መቼም መሣሪያ ታጥቆ ቤተክርስቲያን አይገባም...

ታዲያ እንደሱ ያሉት ምን ያደርጋሉ? መኪናቸው ወንበር ስር ይሸጉጡትና ይገባሉ።

ሌባም ይህን ያውቃል። እኛ በዓሉን ለጸሎት ስንጠብቅ እሱ ለዚህ ይጠብቃል።

ያን ዕለት ጠዋት ወጋየሁ ፔጆውን ከአጥሩ ጥግ ሲያቆም ሚስቱ ማናዬ ስትለምነው ሰምቻለሁ።

"ወጌ፣ ቤት ቆልፈህበት ና አላልኩህም? እዚህ አትተወው።"

"በአቦ ደጅ ማን ይነካዋል? አንቺ ደግሞ እምነት የለሽም!"

"አቦንማ አምናለሁ። ሌባውን ነው የማላምነው።"

"በይ ነጠላሽን አስተካክለሽ ግቢ!" ብሏት በወንዶቹ በር ገባ።

እሷ ትንሽ ቆይታ የመኪናውን በር ዘጋች። እንደ ሁሉም ሰው ዘንቢሏን ለኑሪ አደራ ሰጥታ በሴቶቹ በር ገባች።

ታቦቱ ሲወጣ ከበሮው... እልልታው... እኔም ጧፌን ሸፋፍኜ ልሸኝ ሄድኩ።

በዚያ ሰዓት መስታወት ቢሰበር ማን ይሰማል?

ወጋየሁ ሲመለስ የፔጆው መስታወት ረግፏል። ወንበሩ ተገልብጧል። እጁን ከስር ሰደደ... ባዶ!

ፊቱ አመድ መሰለ።

"በዚህ ሽጉጥ ሰው ቢገደልስ? በስሜ የተመዘገበ ነው እኮ! ደሙ በኔ ነው!"

ከዚያ ዓይኑ ኑሪ ላይ አረፈ።

"ሁላችንም ታቦት ስንሸኝ ነበር። እዚህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ!"

"ኑሪ፣ ኧረ ተናገር!" አልኩት እኔ። አንገቱን ደፋ።

"ባይወስድ ዝም ይል ነበር?" አለች አንዷ።

"ፖሊስ ጥሩ!" አለ ሌላው።

ኮሌታው ተቀደደ...

ይሄኔ ማናዬ ሕዝቡን እየገፋች ደረሰች።

"ወጌ! ልቀቀው! እሱ እኮ..."

ኑሪ አቋረጣት።

"እትዬ ማናዬ፣ ዘንቢልሽን ውሰጂ። ዳቦሽ እንዳይደርቅ።"

ትክ ብላ አየችው... ከዚያ እሷም ዝም አለች።

"እኔ ሽጉጥ ጠፍቶኝ አንተ ስለ ዳቦ ታወራለህ?!" ብሎ ወጋየሁ ዘንቢሉን በክርኑ ገፋው። ሰው ሳቀ።

ማናዬ ዘንቢሏን ተቀበለች። "ወጌ፣ በእመቤቴ፣ መጀመሪያ ቤት እንሂድ። ጣቢያ ትደርስበታለህ" ብላ እየጎተተች መኪና ውስጥ አስገባችው።

ወደ ላፍቶ መንገድ ራቅ እንዳሉ "አቁም" አለችው። ዘንቢሉን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ምንድን ነው?"

"ዳቦህ ነዋ!"

ከድፎው ስር... በሻሽ የተጠቀለለ... ሽጉጡ!

"አንተ እንደገባህ አወጣሁት። ለኑሪ ዳቦ ነው ብዬ ሰጠሁት። ሲቀበለኝ 'እትዬ፣ የዛሬው ዳቦ ከበደ' አለኝ። ገብቶታል።"

"ታዲያ ለምን አልተናገረም? ኮሌታውን ስቀድበት እንኳ!"

"መስታወቱን የሰበረው ሰው የት የሄደ ይመስልሃል? ሽጉጡ የት እንደገባ ሊሰማ እዚያው ሰው መሀል ቆሞ ይሆናል። ኑሪ 'እኔ ጋ ነው' ቢል ሌቦቹ ማታ ማን ቤት ይመጣሉ? ልጆቹ እኮ ከሱቁ ጀርባ ነው የሚተኙት!"

ወጋየሁ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ... አለቀሰ።

ከሰዓት ብቻውን ተመለሰ። ሕዝቡ ገና አልተበተነም።

ግን ምን ብሎ ይናገር?

እውነቱን ቢያወጣ፣ ኑሪ ጋ መሣሪያ እንደሚቀመጥ ሌባ ሁሉ ሊያውቅ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ኑሪ ሌባ እንደተባለ ሊቀር ነው።

በሕዝቡ ፊት ኑሪ እግር ላይ ወደቀ።

"ሽጉጤ ቤቴ ነው ያለው! ይህን ሰው በሐሰት ነው የከሰስኩት። ይቅር በለኝ ወንድሜ!"

አልዋሸም። ቤቱ ቆልፎበት ነው የመጣው።

ሰዉ ግን ሳቅ በሳቅ ሆነ።

"ቤቱ ረስቶት ነው ለካ!"

"ጋሼ፣ ራስህንም ረስተህ እንዳትመጣ!"

ወጋየሁ አንገቱን ደፋ... ዝም። ልክ እንደ ኑሪ።

ኑሪ በሁለት እጁ አነሳው። ቀስ ብሎ በጆሮው "ዳቦው ደረቀ እንዴ?" ሲለው ሰምቻለሁ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ወጋየሁና ኑሪ ቁጭ ብለው ነገሩን ያጫወቱኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ሱቁ ፈርሶ መንገድ ከሆነ በኋላ። ለዚህ ነው ዛሬ ደፍሬ የምጽፍላችሁ።

ወገኖቼ... መሣሪያም ይሁን ውድ ዕቃ መኪና ውስጥ ትታችሁ "እግዚአብሔር ይጠብቀዋል" አትበሉ።

እግዚአብሔርማ ጠብቋል... በማናዬ እጅና በኑሪ ዝምታ።

ግን የኛ ቸልተኝነት የሰው ሸክም መሆን የለበትም። ቤት ቆልፈን እንውጣ። ጠፋ ብለን ሰው ከማነቃችን በፊትም አንዴ "አቤቱ" እንበል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ...

ንጹሕ ሆኖ ሌባ ሲባል ዝም ማለትና የሰውን ስም ለመመለስ ራስን መሳቂያ ማድረግ... የትኛው ይከብዳል? እናንተ የትኛውን ትችሉት ነበር?