የሻለቃው ሰዓት

ሻለቃው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ፣ የሰዓት ሠሪው ሚስት መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የአባቴ ቅርስ ነው» አለ። «ሲያሻው ይሮጣል፣ ሲያሻው ይተኛል። እኔ ደግሞ ዘበኞቼን የማሰማራው በሌላ ሰዓት አይደለም።»

«ወንድሜን የምታሳድድበት ሰዓት እዚህ ቤት አይሠራም!» አለች ሴትዮዋ።

ባልየው አንገቱን ደፋ። «ይሠራል ጌታዬ። ነገ ይውሰዱት።»

ወንድሟ ወንዙ ዳር ወፍጮ ቤት ውስጥ ከተደበቀ ሰንብቷል። መሻገሪያው አንድ ድልድይ ብቻ ነው፤ ዘበኞቹ ደግሞ ሄዱ ሲሏቸው ይመጣሉ።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሰዓቱን ጀርባ ከፈተ። ጥርሳም መዘውሮቹን በወረንጦ አንድ በአንድ አውጥቶ በቤንዚን አጠበ። ሞላውን አጽድቶ መልሶ ጠቀለለ። ከሰናፍጭ ፍሬ የሚያንሱትን ቀያይ ድንጋዮች በየጉድጓዳቸው አየና በመርፌ ጫፍ ዘይት ነካ አደረገባቸው።

«አንዷን ጥርስ ስበርለት» አለችው። «ማን ያይሃል?»

«የእጄን ሥራ አላበላሽም።»

«ቀሚሴን ልስጥህ? ይሄ ሱሪ እንደሆነ ከብዶሃል።»

«ብርሃን ከለልሽብኝ፤ ዞር በይ።»

በመጨረሻ ከፀጉር በቀጠነች ሞላ የተንጠለጠለችውን ክብ መዘውር ቦታዋ ላይ አሳረፋት። ክቧ እንደ ጫጩት ልብ ትር ትር አለች። ሰውየው ፈገግ ሲል ሚስቱ አየችው፤ ደሟ ፈላ።

እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ሰዓቱን አፈፍ አድርጋ ሲሚንቶው ላይ ልትፈጠፍጠው አነሳችው። ክንዷን ያዛት።

«አስቀምጪ!»

ከተጋቡ ወዲህ ጮሆባት አያውቅም። አስቀመጠች። ያን ቀን ግን ምሳም አላቀረበችለት፣ ስሙንም አልጠራችው።

በማግስቱ ሻለቃው መጣና ሰዓቱን ከሬዲዮው ጋር አመሳከረ። ዝንፍ አላለም። የባልየውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «አንተስ ሰው ወጥቶሃል!» አለው።

ሴትዮዋ ጫማው ሥር እንትፍ አለች። «ደጄን ዳግም እንዳትረግጥ!»

ሻለቃው ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል አልፏት ወጣ። እሷም ትራሷን አንስታ ሌላ ክፍል ገባች። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ባሏ ሲያናግራት ለግድግዳው ትመልሳለች፤ ሲስቅ ትወጣለች። ከፈሪ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከማርጀት ወንድሟን ተከትላ ወፍጮ ቤት መግባት ይሻላታል። ልብሷን መሸከፍ ጀመረች።

ሻንጣዋን ሳትዘጋ የወፍጮው ባለቤት ሚስት እያለከለከች ደረሰች።

«እልል በይ፣ ግን በሆድሽ! ወንድምሽ ትናንት አመሻሹ ላይ ተሻገረ።»

«ዘበኞቹስ? እንዴት አለፋቸው?»

«ባልሽ ልኮ እንደነገረን ነዋ! ሰዓቱ ከተሠራ ወዲህ እኮ በደቂቃቸው ይመጣሉ፣ በደቂቃቸው ይሄዳሉ።»